አባቴ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ኦፕራሲዮን ተደርጎ ቤት ገባ፣ ግን ምግብ አልስማማው አለ። ጅማ ውስጥ በዚህ ያለፈ ሰው አለ?

የጅማዋ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። አባቴ 62 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአጋሮና በጅማ መካከል ሲመላለስ ቡና የነገደ ሰው ነው። ዓምና ክረምት ላይ ሥጋ ጉሮሮው ላይ እየቆመ አስቸገረው። ቀጥሎ እንጀራ እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ ገንፎም በውኃ ካልተገፋ አልወርድ አለ። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ሲታይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ኬሞ ወሰደ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ይኸው ሰባት ሳምንት ሆነው። ሐኪሞቹ በደንብ ወጥቷል ብለውናል፣ አልሐምዱሊላህ።

መከራው የጀመረው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ሲወጣ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡን፣ "ለስላሳ ምግብ፣ ትንሽ ትንሽ" ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። እናቴ በማር ያጣፈጠችውን አጥሚት በትልቅ ኩባያ ትሰጠዋለች። ጠጥቶ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ትደልቃለች፣ ሆዱ ይጮሃል፣ ወደ ሽንት ቤት ይሮጣል። ከዚያ አልጋው ላይ ይወድቃል። ሌሊት ጎምዛዛ ውኃ አፉ ድረስ እየመጣ ያስለዋል። ሶላት ላይ ሱጁድ ሲወርድማ የበላው ይመለስበታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ድንች ቆመበት። 74 ኪሎ የነበረ ሰው ዛሬ 59 ነው።

ጠያቂ ከቤታችን አይጠፋም። ሁሉም "ብላ እንጂ፣ ካልበላህ እንዴት ትድናለህ" እያለ ያጎርሰዋል። ትናንት ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "እንዲህ ልሆን ነው የቀደዱኝ?" አለ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የበሽታውን ስም አልነገርነውም። "መጥፎ ቁስለት ነው" ብለነዋል። የሚያውቅ ይመስለኛል፣ ግን አይጠይቅም።

ደግሞ ቡና አምሮታል። ድሮ ከጀበናው እንደወረደ፣ ጢሱ ሳይበርድ ነበር የሚጠጣው። እሱ ይሆን ያመጣበት እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

የፈረንጅ አራዳው

አይዞሽ ልጄ። ጡረታ የወጣሁ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። እኔም ተቆርጬ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ሦስት ወር ያነበብኩ ነው የመሰለኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእናትሽም ንገሪያት። አባትሽ ምግብ አልወድም ብለው አይደለም። የሚያጠራቅሙበት ቦታ የላቸውም። እኔን የቀደደኝ ሐኪም ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። የታመመውን ቧንቧ ቆርጠው ካወጡ በኋላ ጨጓራውን እንደ ቱቦ አጥብበው ይሰፉትና ወደ ደረት ስበው ከላይ ከቀረው ጋር ይቀጥሉታል። ድሮ ከረጢት የነበረው ዛሬ ቱቦ ነው ማለት ነው። በትልቅ ኩባያ ብትሞይው ይፈስሳል እንጂ አይቀመጥም። በላይ በኩል የነበረው መዝጊያም አብሮ ተቆርጧል። ሲያጎነብሱ የሚመለስባቸው ለዚያ ነው።

እኔ ከሆስፒታል እንደወጣሁ ባለቤቴ እንደ ድሮው በትሪ ታቀርብልኝ ነበር። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ አስመልሳለሁ። አንድ ቀን ምን አሰበች መሰለሽ፣ ከረከቦቱ ላይ አንድ የሲኒ ማስቀመጫ አነሳችና "ከዛሬ ጀምሮ ሰሃንህ ይኸው ነው" አለችኝ። እስከ ዛሬ የምበላው በእሱ ነው። በእሱ ላይ የማይሞላ ነገር አልበላም። ግን በቀን ሰባት ጊዜ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11፣ ማታ 1 ሰዓት። ስልኬ ላይ ደወል ሞልቻለሁ። ራበኝ አልራበኝ ብዬ አልጠብቅም፣ ረሃቡ ራሱ ጠፍቷል። በሰዓት ነው የምበላው፣ እንደ መድኃኒት።

ማታ 1 ሰዓት ከበላሁ በኋላ 4 ሰዓት ሳይሆን አልተኛም። ስተኛም ጋደም አልልም። የአልጋዬን የራስጌ እግሮች ሁለት ሁለት ጡብ አስገብቼባቸዋለሁ። ትራስ መደራረብ ሞክሬ ነበር፣ ሌሊት ተንሸራትቼ እታች እገኛለሁ። ጡቡ ይሻላል።

መጠጥ ከምግብ ጋር አይገናኝ። ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም ግማሽ ሰዓት በኋላ፣ እሱም ጉንጭ ጉንጭ።

ክብደቱን እንዳትፈሪው ባልልሽም፣ እኔ 16 ኪሎ ነው የጣልኩት። በዓመት ተኩል ውስጥ ሰባቱ ተመልሷል። ቀበቶዬ ላይ በምስማር የበሳኋቸው አራት ቀዳዳዎች አሉ፣ አሁን ሁለተኛው ላይ ነኝ።

ነርሷ

እህቴ፣ ከላይ ያሉት አባት የጻፉት በሙሉ ትክክል ነው። ሐኪሞቻቸው ያዘዙት ሌላ ነገር ካለ ግን ያንን አስቀድሚ። ከእኔ ጥቂት ልጨምር።

ላብ፣ የልብ ምት፣ ተቅማጥ ያልሽው ዳምፒንግ ይባላል። ምግቡ፣ በተለይ ጣፋጩ፣ ሳይፈጭ በፍጥነት ወደ አንጀት ሲወርድ ሰውነት ወደዚያ ውኃ ይለቃል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ የሚጀምረው ያ ነው። ሁለተኛም አለ። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ ማዞርና ድካም። ስኳሩ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ስለሚወርድ ነው። የሁለቱም ቀንደኛ ጠላት ስኳር ነው። ስለዚህ እናትሽን በትህትና፣ ማሩን ታቁም። አጥሚቱ ይቀጥል፣ ማር አይግባበት። በምትኩ ወተት ወይም ትንሽ ቅቤ ትጨምርበት። እንቁላል ፍርፍር፣ አይብ፣ እርጎ፣ በደንብ የበሰለ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር፣ የቡላ ገንፎ ሳስ ብሎ። አቮካዶ በጅማ እንደልብ ነው፣ ስኳር ሳይገባበት በማንኪያ ይመገቡ። ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ያ ላብ ሲመጣባቸው ግን ግማሽ ጋደም ማለት ይረዳል፣ ያልፋል።

አሁን ወደ ድንቹ። እሱን ችላ አትበይው። ቧንቧው የተሰፋበት ቦታ ሲድን ጠባሳው ሊጠብ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በብዛት የሚያጋጥም ነገር ነው። ካንሰሩ ተመለሰ ማለት አይደለም፣ ግን ሐኪም አይቶ ማረጋገጥ አለበት። በኢንዶስኮፒ ገብተው በፊኛ ያሰፉታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤት ይገባሉ። አንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግማል። የክትትል ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ። የሪፈር ወረቀቱንና የኦፕራሲዮኑን ማጠቃለያ ይዛችሁ ሂዱ። የጤና መድህን ካላችሁ ወረቀቱ በቅደም ተከተሉ ካልሄደ ያጉላላችኋል።

ሌሊት በሌሊት የምትሮጡባቸው ነገሮች ደግሞ አሉ። ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ ካቃታቸው፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ፣ የአንድ እግር ማበጥ። በእነዚህ ላይ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም።

ሳል ካለ እና ምግብ ትን የሚላቸው ከሆነም ተናገሩ። ድምፃቸው ሰልሏል? በኦፕራሲዮኑ ጊዜ የድምፅ ነርቭ ሊነካ ይችላል።

የሊሙዋ

እኔ የምጽፈው ስለ እናቴ ነው። እሷ ኦፕራሲዮን አልሆነላትም፣ ሲገኝ ርቆ ነበር። እዚሁ ጅማ ጨረር ወሰደች፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ደግሞ ስቴንት ተደረገላት። የሽቦ ቱቦ ነው፣ ገብቶ የጠበበውን ይከፍታል። በማግሥቱ ሾርባ ጠጣች። ከወር ወዲህ ምግብ ሲወርድላት ያየሁት ያኔ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እኛ ጋ የሚሠራው ነገር፣ ምግብ በበላች ቁጥር ለስላሳ በላዩ ትጠጣለች። ጋዙ ስቴንቱን ያጥበዋል ብለውናል። ዳቦና ጥብስ ክልክል ነው፣ አንዴ ዳቦ ዘግቶት ተመልሰን ገብተናል። ለአባትሽም ለስላሳ ሞክሪለት እህቴ።

ነርሷ

የሊሙዋ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይርዳልሽ። ለስቴንት ጋዝ ያለው መጠጥ ልክ ነው፣ ለብ ያለ ውኃም ይሠራል። ለአባቷ ግን እንዳይሆን። ለስላሳ ማለት ስኳር ነው፣ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ላብ በላብ ያደርጋቸዋል። ጋዙም ጠባቧን ጨጓራ ይነፋል። በሽታው አንድ ነው፣ ሕክምናው ሁለት ዓይነት ስለሆነ ምክሩ ይለያያል። እናትሽም ብትሆን ከለስላሳው አምቦ ውኃ ይሻላታል።

አብዱ ከመርካቶ

አላህ አፊያ ያድርጋቸው። ጥቁር አዝሙድ ፈጭታችሁ በንጹሕ ማር ለውሳችሁ በባዶ ሆድ ስጧቸው። ለሁሉም በሽታ ፍቱን ነው። ሐኪሞች ይህን አይነግሯችሁም።

የፈረንጅ አራዳው

ወንድሜ አብዱ፣ በቅንነት እንደጻፍከው አውቃለሁ። እኔም ያልቀመስኩት ቅጠል የለም፣ ዘመድ ሲያመጣ እንዴት እምቢ ይባላል? ማሩን ግን ከላይ ነርሷ ስታወግዘው አይተሃል። እኔ አንድ ማንኪያ ማር በባዶ ሆድ ወስጄ ሽንት ቤት በር ላይ ነው የተገኘሁት። አቅሌን ስቼ። ጎረቤት ነው ያነሳኝ። ለጤነኛ ሰው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ለእኛ ዓይነቱ መርዝ ባይሆንም ጠብ ነው። ቅጠሉም ቢሆን፣ ሌላ ኬሞ የሚቀር ከሆነ ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጥም።

እግረ መንገዴን፣ ስለ ጉርሻ ልናገር። ልጄ፣ ጠያቂዎቹን በር ላይ ያዥያቸው። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ለተሰፋ ጉሮሮ ግን የጡብ ያህል ነው። እኔ ቤት ባለቤቴ በሩ አጠገብ ቆማ "ማየት ይቻላል፣ ማጉረስ አይቻልም" ትል ነበር። የተቀየመ ዘመድ አለን፣ እስከ ዛሬ። ይሁን።

የአሰንዳቦው

የበሽታውን ስም ለአባትሽ ስላልነገራችኋቸው ነገር እኔ ልመልስ። እኛም ለአባታችን ደብቀን ነበር። "ቁስለት ነው" አልን፣ ቤቱ ሁሉ ተማማለ። አባታችን ግን ከካንሰር ሕሙማን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ አንድ ዓይነት ከረጢት ተሰቅሎለት እንዴት አይገባው? ሲያውቅ ብቻውን አወቀው። እኛን ላለማስጨነቅ ዝም አለ። እኛ እሱን ላለማስጨነቅ ዝም አልን። ሁለት ወር በአንድ ቤት ውስጥ እየተደባበቅን ኖርን። መጨረሻ ላይ አንድ ሐኪም ነው የገላገለን። "ስለ በሽታዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?" ብሎ ጠየቀው። አባቴም "ሁሉንም፤ ልጆቼ ግን እንዳይሰሙ" አለ። እኛ እዚያው ቆመናል።

ቁጭ ብላችሁ ስሙን ንገሩት አልልም። እሱ በር ሲከፍት አትዝጉበት። "እንዲህ ልሆን ነው የቀደዱኝ?" ማለቱ ራሱ በር መክፈት አይደለም እንዴ?

የጅማዋ ልጅ (ጠያቂ)

ያሰንዳቦው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ትናንት ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። "አባዬ፣ ስለ በሽታህ የምትጠይቀኝ ነገር አለ?" አልኩት። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ "ነቀርሳ ነው አይደል?" አለ። አዎ አልኩት። "ወጥቷል ያሉት እውነት ነው?" አለ። እውነት ነው አልኩት። እጄን ያዘኝ። ሌላ አላወራንም። ማታ ግን አይብና እንቁላል ራሱ ጠይቆ በላ፣ በሲኒ ማስቀመጫ።

እናቴ ማሩን ማቆም ከብዷት ነበር፣ "እንግዲህ ምን አቅም ይሰጠዋል" እያለች። ሁለት ቀን ያለ ማር ሞከርን፣ ላቡ ጠፋ። አሁን ማሩን ራሷ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላዋለች።

ስለ ቡናው ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ነርሷ

ይቅርታ፣ ዘልዬው ነው። ቡናው ራሱ አይደለም የሚወቀሰው። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ይህን መርምሮ ነበር። ቡናን ለብቻው በዚህ በሽታ አልከሰሰውም። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ፣ ቡና ይሁን ሻይ ወይም ትኩስ ውኃ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ግን አስቀምጧል። በእኛ አገር በአርሲና በባሌ በኩል በሽታው በርከት ብሎ ስለሚታይ የሚፋጅ ገንፎና መጠጥ ሲነሳ ቆይቷል። ሲጋራና አልኮልም በደንብ የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። የአንድን ሰው በሽታ ግን ይሄኛው ሲኒ አመጣው ማለት አይቻልም። ቡና ሲያፈሉላቸው የኖሩትን እናትሽንም በዚህ አታስጨንቂያቸው።

አሁን ቡና ይችላሉ? ቃር ካላባባሰባቸው፣ ቀጠን ብሎ፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ያለ ስኳር፣ ከምግብ ተለይቶ፣ አንድ ሲኒ። ሐኪማቸውንም ይጠይቁ። ከቡና ቁርሱ ቆሎው ይቅር።

የፈረንጅ አራዳው

ጫትም ይቅር። የሚቅሙ ከነበረ ማለቴ ነው። እኔ ስነዳ ያለ እሱ አልንቀሳቀስም ነበር። ቅጠሉ ጠባቡ ላይ ይቀረቀራል፣ ምግብም ያስጠላል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ሦስቱም ለእኛ ቢስ ናቸው።

ሶላቱን እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ አልገባበትም፣ የሚያውቅ ይናገር።

አብዱ ከመርካቶ

ይህን እንኳ አውቃለሁ። ማጎንበስ ለማይችል በሽተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ይፈቀዳል። ለሱጁዱ በራስ ብቻ ትንሽ ዝቅ ማለት ነው። አጎቴ ወገቡን ታሞ ስንት ዓመት እንዲያ ሰግዷል። ሶላቱን ከምግብ በፊት ያድርጉት። ረመዳንም ሲመጣ እንዳይጨነቁ፣ በሽተኛ አይገደድም። በቀን ሰባት ጊዜ የሚበላ ሰው እንዴት ይጾማል? በኋላ መክፈል ነው ወይስ ፊድያ (በጾሙ ፈንታ ድሃ ማብላት) የሚለውን ሸኻችሁን ጠይቁ።

ስለ ማሩ ደግሞ ተምሬያለሁ።

የጅማዋ ልጅ (ጠያቂ)

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ።

ሐኪም ዘንድ ሄድን። ነርሷ እንዳለችው ነው፣ የተሰፋው ጠቦ ተገኘ። ናሙናም ተወሰደ፣ ንጹሕ ነው ተባልን። በፊኛ አሰፉለት፣ በዚያው ቀን ወጣን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል ብለውናል። የደም ምርመራም አዘዙለት፣ የቪታሚን ቢ 12 ጭምር። አሁን 59 ኪሎ ከ600 ግራም ነው። 600 ግራም ሲጨምር ቤቱ ሁሉ ሚዛኑን ከቦ ነበር።

የፈረንጅ አራዳው አባታችን በውስጥ መስመር ጽፈውልኝ ቅዳሜ በባጃጅ ቤታችን መጡ። አባዬ መጀመሪያ ኮስተር ብሎ ነበር። እንግዳው ሸሚዛቸውን ገልጠው ከጎናቸው እስከ ጀርባቸው የሄደውን ጠባሳ አሳዩት። አባዬም የራሱን ገለጠ። "የአንተ ረጅም ነው" አለ። "የእኔ ሐኪም ክር አይቆጥብም ነበር" አሉት። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ አባዬ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሲስቅ አሳለውና ሁለቱም ደነገጡ።

ከዚያ እኔንና እናቴን አስወጡን። አንድ ሰዓት ከሩብ አወሩ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም። ስገባ ስለ ጊቤ መውረጃና ስለ ጭነት መኪና ፍሬን ነበር የሚያወሩት።

እናቴ ቡና አፈላች። ሁለት ሲኒ ቀድታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ሰዓት እያየች ጠበቀች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጢሱ እስኪጠፋ ሲኒዎቹን ያዩ ነበር። እንግዳው ስልካቸው ጮኸ፣ የ9 ሰዓቱ ደወል ነው። ኪሳቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ የተቀቀለ እንቁላል ነበራቸው። ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ለአባዬ ሰጡት። አላጎረሱትም፣ በእጁ ነው የሰጡት። ቡናው ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ ተባለ፣ እናቴም ጀበናውን መልሳ ጣደችው።